የፍቺ ፕሮቫ

ሠፈሩ «ገልባጭ» ይላታል። አሸዋ የሚደፋ መኪና ስለምታክል አይደለም፤ ሴትየዋ ቀጭን ናት፣ ንፋሱ በርታ ካለ ከተሰጣው ልብስ ጋር አብራ የምትውለበለብ። ስሙ የወጣላት በሙያዋ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ልብስ ካየች ደግሞ ሳትገለብጥ አታልፍም። አንድ እጇ ሰላም ሲል ሌላው እጇ የኮትህን ጫፍ ገልብጦ ገበሩን ይመረምራል። «ውጭውንማ ማንም ያሳምረዋል» ትላለች፤ «ሰፊው ሰው ይሁን ሌባ የሚታወቀው ከውስጥ ነው።» ሐዘን ቤት ገብታ የሟቹን ወንድም አቅፋ እያለቀሰች፣ ኮሌታውን ከኋላ ገለጥ አድርጋ «ይኼን ማን ነው የሰፋልህ?» አለችው ይባላል። ሐሜት ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚሉት ግን እሷን የማያውቋት ናቸው።

እንግዲህ ይህች የሰው ገበር ስትገልጥ የኖረች ሴት፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ አራት ገጽ ወረቀት ተሰጣትና አንዱንም ሳትገልጥ ፈረመች። የፍቺ ስምምነቷን ነበር።

ባሏን «ማናጀሩ» ይሉታል። ሹመቱን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው፤ ከሌላ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም ወረፋ ላይ ነበር። በተጋቡ በዓመቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ስፌት ቤት ከፈቱ። መጀመሪያ ላይ እሱም ይሰፋ ነበር። ግን የሱ ስፌት ቀጥ ብሎ ይነሳና መሐል ላይ ሲደርስ፣ ቤቱ እንደጠፋው ሰካራም ወደ ጎን ይላል። ስለዚህ ወደ ፊተኛው ክፍል ተዛወረ። ፊተኛው ክፍል ባንኮኒ አለ፤ ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ መስታወትም አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚታየው ግን ደንበኛ ሳይሆን እሱ ነው። ኋለኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይቀዘቅዝ ካውያና አንዲት ሴት አሉ። ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? በባንኮኒው ሰውዬ። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳስ? በዚያው በባንኮኒው ሰውዬ።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ያለው ግድግዳ ለብቻው ይነገር። ከጣሪያ እስከ ወለል ምስማር ነው፤ በየምስማሩ ቡናማ ወረቀት ተንጠልጥሏል። የደንበኛ ቅድ ነው። ሰው አንድ ጊዜ ከተለካ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌውና ኮሌታው በወረቀት ተቆርጦ፣ በአንድ ክር ታስሮ ይሰቀላል፤ ከዓመታት በኋላ ጨርቅ ብቻ ይዞ ቢመጣ ይበቃዋል። ስም አይጻፍበትም፤ ገልባጭ ሰውን በስሙ አታስታውስም። ወደ ታች የሚያይ ቀስት ካለበት፣ ግራ ትከሻው የወረደው መምህር ነው። ሁለት ክብ ካለበት፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባው ዳቦ ጋጋሪ ነው። አራት መቶ የሚሆን ሰው እዚያ ግድግዳ ላይ ነውሩን ሁሉ ይዞ ተሰቅሏል፤ ማንበብ የምትችለውም አንዲት ሴት ብቻ ናት። ደንበኛው የሌላውን ሁሉ ስፌት ቤት አልፎ እዚህ የሚመጣው ለባንኮኒው ውበት መስሏችኋል? ሁለተኛ መለካት ስለሚያሳፍረው ነው።

ትዳሩ የተተረተረው በአንድ ቃል ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ስለ እጅጌ ርዝመት ሲጠይቅ፣ ማናጀሩ «ቆይ፣ ለሠራተኛዋ ልንገራት» አለ። እሷ መቀሷን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች።

«ሠራተኛ ቀጠርን እንዴ?» አለች፤ «የታለች?»

ብላም ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር አየች። ደንበኛው ሳቀ፤ ማናጀሩ አልሳቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ከስፌት መኪናው በቀር የሚያወራ አልነበረም። በመጨረሻ እሱ «እንለያይ» አለ፤ እሷም «መቼ?» አለች። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ ኪራይ ነው። የሚካፈሉት ስፌት ቤቱን ብቻ ነበር። ለእሷ ደግሞ ስፌት ቤት ማለት ያ ግድግዳ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ያለ ቅዶቿ መውጣት ማለት እጇን ጥላ መውጣት ነው።

እዚህ ላይ የባልየው አጎት ይመጣል። ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ፋይል ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስለተሸከመ ዘመዱ ሁሉ ሕግ አዋቂ ያደርገዋል። አህያም መጽሐፍ ተሸክማ ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም።

«ልጆቼ፣ በፍርድ ቤት መካሰስ የባለጌ ነው» አለ አጎትየው። «ተስማምታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ዳኛ ፊት ቀርባችሁ 'አዎ' ትላላችሁ፣ አለቀ። እኔ የማውቀው ውል ጸሐፊ አለ፤ ፈጣን ነው።»

ፈጣንስ ፈጣን ነበር። ውል ጸሐፊው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ኮምፒውተር አስቀምጦ ሰው የሚያፋታ፣ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ጋብቻም የሚያዋውል ሰው ነው፤ ለሦስቱም አንድ ወረቀት ነው፣ ስም ብቻ ይቀየራል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ አራት ገጽ አወጣ። ገልባጭ መነጽሯን ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት አጎትየው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«አንቺ ደግሞ! ለጊዜው ፈርሚ፣ ኋላ ይስተካከላል።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጫማ ሰፊ ቢሆን አያደርገውም፤ ጸጉር ቆራጭም አያደርገውም፤ የተቆረጠ ጸጉር እንደማይመለስ ያውቃላ። ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያደርገው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከቆረጠ በኋላ ወዲያው አይሰፋም። በረጅምና በላላ ነጭ ክር ያያይዘውና ደንበኛው ላይ ይለካዋል፤ ይኼ ፕሮቫ ይባላል። በፕሮቫ ላይ እጅጌው ይወጣል፣ ወገቡ ይጠባል፣ ትከሻው ይነሳል፤ ነጩ ክር በአንድ ጉተታ ይመዘዛል። እውነተኛው ስፌት ከዚያ በኋላ ነው። «ኋላ ይስተካከላል» የሚለውን ቃል ይህች ሴት በሕይወቷ ሺህ ጊዜ ለደንበኛ ተናግራዋለች፤ ሺሁንም ጊዜ አስተካክላለች። ሌላው ሰው ቃሉን ለማታለል እንደሚጠቀምበት ከየት ታውቅ? ፈረመች። ፊርማዋን እንኳ ላላ፣ ዘርዘር አድርጋ ፈረመች፤ ሲፈታ እንዳያስቸግር።

በሳምንቱ ጠዋት ውሉን ይዛ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ጠመኔዋን በጆሮዋ ሰክታ ወደ ባንኮኒው መጣች።

«እህ፣ እናስተካክለው» አለች። «'ስፌት ቤቱ ከነሙሉ ዕቃው ለባል፣ የመኖሪያ ቤት ዕቃ ለሚስት' ይላል። ይኼ በጣም ጠቦኛል።»

«ምኑን ነው የምናስተካክለው?» አለ ማናጀሩ ከመስታወቱ ሳይዞር። «ተፈርሟል እኮ።»

«ፕሮቫ ነው ብዬ ነዋ የፈረምኩት!»

«ሴትዮ፣ ፍርድ ቤት ልብስ አይሰፋም።»

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። አጠገባቸው ቁልፍና ዚፕ የምትሸጠው ጓደኛዋ በሷ ፋንታ አለቀሰችላት፤ ከዚያም ዕንባዋን ጠርጋ ምክር ሰጠች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ነገ በጠዋት እሱ ሳይመጣ ቅድሽን ጠቅልለሽ ውጪ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የወረቀት ውል ነው የሚያስጥልሽ?»

«ቆይ እስቲ» አለች ገልባጭ። «ተሰፍቶ የማይተረተር ነገር በዓለም ላይ አለ? እስቲ ሄጄ ልየው።»

«ምኑን?»

«ሕጉን። ከውስጥ በኩል።»

በማግስቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ተገኘች። ጥበቃው «ባለጉዳይ ነዎት?» አላት።

«አይ፣ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ማንን ለማየት?»

«የሚፋታ ሰው ካለ።»

ጥበቃው ብዙ ዓይነት ዕብድ አይቷል፤ ይቺ ቢያንስ ንጹሕ ለብሳለች። አስገባት። በሩ ተዘግቶ የሚታይ ጉዳይ ሲመጣ ያስወጧታል፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቅና ሲከፈት ተመልሳ ትገባለች። ሦስት ቀን እንዲህ ዋለች። ሠፈሩ ስለ ፍቺ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከፀጉር ቤት ወሬ ነው፤ እሷ ግን ምንጩ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ይኼን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አግዳሚ ወንበር የሚችል መቀመጫ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያየችው አንድ ደረቱን የነፋ ሰውዬ ነበር። «ቤቱ በስሜ ነው፣ ካርታው በስሜ ነው፣ ውሃው በስሜ ነው» እያለ ወረቀት ያራግባል። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «በማን ስም እንደሆነ አልጠየቅንዎትም፤ መቼ ተገዛ ነው ያልነው» አሉት። ከጋብቻ በኋላ ነበር። ሰውየው ደረቱ ተነፈሰ። ገልባጭ ከኋላ ወንበር ሆና «አሃ!» አለች፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ኖሮ ጸሐፊው ገላመጣት። እነሱ ባንኮኒ ላይ የተሰቀለውም ንግድ ፈቃድ ከጋብቻው በዓመቱ የወጣ ነው። ስም የልብሱ ውጭ ነው፤ ገበሩ ቀኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን ደስታዋን የሚያቀዘቅዝ አየች። አንዲት ሴት «ይኼ ቁም ሣጥን ከትዳሬ በፊት እናቴ የሰጠችኝ የግሌ ነው» አለች። ዳኛዋ ማስረጃ ጠየቁ። ሴትየዋ «እናቴ ሞታለች» አለች። ሌላስ? ሌላ አልነበራትም፤ ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ፣ ፎቶ የለ። ቁም ሣጥኑ የጋራ ተባለ። ለካ ሕግ ዕንባን አይለካም። ማስረጃ የሌለው እውነት ፍርድ ቤት ውስጥ ሐሜት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከፊቷ የተቀመጠች የአንዲት ወጣት ጠበቃ ካባ ጫፉ ተተርትሮ አየች። ከራሷ ኮሌታ መርፌ መዝዛ፣ ጎንበስ ብላ መስፋት ጀመረች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ጠበቃዋ ደንግጣ።

«አትንቀሳቀሺ ልጄ፣ ትወጊያለሽ። ማን ነው ይኼን የሰፋው? እግዜር ይይለት።»

ጠበቃዋ ችሎቱ እስኪሰየም ሳትነቃነቅ ተሰፋላት። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንዱ ወንበር ሦስት እግር ባለው ቢሮዋ አስቀመጠቻትና ውሉን አነበበችላት። ገጽ ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ ወፍጮ ቤት አላችሁ እንዴ?»

«የምን ወፍጮ?»

«አንቀጽ ስድስት፣ 'ባለ ሁለት ድንጋይ ወፍጮ ቤት ለሚስት ይሆናል' ይላል።»

ገልባጭ አሰበች። «ታዲያ የት ነው ያለው? አድራሻ ካለው ሄጄ ልየው።»

ውል ጸሐፊው ከሌላ የተፋቱ ሰዎች ወረቀት ላይ ሲገለብጥ የነሱን ወፍጮ ሳያጠፋ ቀርቷል። የሆነ ቦታ አንድ ባለወፍጮ ባልና ሚስት የሌላ ሰው ላም ወይም ጀልባ ተካፍለው ይሆናል። ሁለቱ ሴቶች ሳቁ፤ ወንበሩ ግን ሳቅ አልቻለም፣ ገልባጭ ጠረጴዛውን ይዛ ተረፈች።

ከሳቁ በኋላ ጠበቃዋ ቁም ነገሩን ነገረቻት። «ይኼ ስምምነት ገና ልብስ አልሆነም። ዳኛዋ ካላጸደቁት ወረቀት ነው። ሳያጸድቁ በፊት ሁለታችሁንም ለየብቻ ይጠይቃሉ። እዚያ 'አዎ፣ የተስማማሁበት ነው' ካሉ ግን አለቀ፤ በኋላ ማስፈረስ ጥርስ ከመንቀል ይብሳል።»

«እንግዲያው ፕሮቫ አለው ማለት ነው!» አለች ገልባጭ። ከሳምንት ወዲህ ፊቷ ሲበራ የመጀመሪያው ነው።

«አንድ ፕሮቫ ብቻ። እስከዚያ ሌላ ወረቀት እንዳይፈርሙ፤ ዘመድ ቢያለቅስም። ያለውን ዕቃ ሁሉ ይመዝግቡ። ከትዳር በፊት ያመጡት ነገር አለ?»

«አንዷ መኪና። አክስቴ ጋር ሠርቼ የገዛኋት።»

«ደረሰኝ?»

«አለ። ዘይት እንዳይነካው በፕላስቲክ ይዤዋለሁ።»

ጠበቃዋ ልትስማት ቃጣት። «ቅዶቹንስ ጠቅልዬ ልውጣ? የሚመክሩኝ አሉ» ስትላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «አንድ ወረቀት እንዳይነኩ! ንብረት ያሸሸ ሰው እውነት ቢናገርም የሚያምነው የለም። ይልቅ እሱ እንዳይሸጠው እግድ እንጠይቃለን።»

እግዱ ወጣ፤ እስኪወሰን ድረስ ከስፌት ቤቱ አንድ ዕቃ እንዳይንቀሳቀስ። ማናጀሩ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ሦስት ጊዜ አነበበና አጎቱ ጋር ደወለ። አጎትየው «አይዞህ፣ ማስፈራሪያ ነው» አለው። ፋይል ተሸካሚ እግድን የሚያውቀው በክብደቱ ነው።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ መጀመሪያ ገልባጭን ብቻዋን አስገቧት። ትንሽ ክፍል ናት፤ ጠረጴዛ፣ ጸሐፊ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት።

«ይኼን ስምምነት በፈቃድዎ ነው የፈረሙት?»

«በፈቃዴ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ግን ሳላነብ።»

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«የለም። ስህተቱ የኔው ነው። ኋላ ይስተካከላል ሲሉኝ ፕሮቫ መሰለኝ።»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁ፤ እሷም ነገረቻቸው፤ ስለ ነጩ ክር፣ ስለሚመዘዘው፣ ስለማይመዘዘው። ዳኛዋ በሥራ ዘመናቸው «ዛተብኝ» የሚል ሰምተዋል፣ «አታለለኝ» የሚልም ሰምተዋል፤ ፍቺን እንደ ኮት የለካ ሰው ግን አላጋጠማቸውም።

«እና ኋላ የተባለው መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ። ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።»

«አሁን ነው» አሉ ዳኛዋ። «ይናገሩ። የትኛው ጠበበዎት?»

ማናጀሩ ሲገባ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ገባ፤ ንግድ ፈቃዱን። መቼ እንደተጋቡ ተጠየቀ፤ መለሰ። ፈቃዱ መቼ እንደወጣ ተጠየቀ፤ መለሰ። ሁለቱን መልሶች ራሱ አጠገብ ለአጠገብ ሲያያቸው ድምፁ ቀነሰ። ስለ ወፍጮ ቤቱ ሲጠየቅ ጭራሽ ጠፋ። አጎትየው ከበሩ አንገቱን አስግጎ «ክብርት ዳኛ፣ ቤተሰቡ የተስማማው...» ብሎ ጀመረ።

«እርስዎ ማን ነዎት? ባለጉዳይ?»

«እኔ ሕጉን በመጠኑ...»

«በመጠኑ ከሆነ ውጭ ይጠብቁ።»

ፍቺው ጸና፤ ስምምነቱ አልጸደቀም። አንዷ መኪና በደረሰኟ የሚስት የግል ሆነች። የቀረው የጋራ ነው፤ እኩል ይካፈላል። እዚህ ላይ ግን የሕጉ መቀስ ደነዘ። አራት መቶ ቅድ እንዴት ይካፈላል? ማናጀሩ «ደንበኛው የቤቱ ነው፣ ቅዱም የቤቱ ነው» አለ። ውጭ እንዲጠብቅ የተባለው አጎት በበሩ ስንጥቅ «ፊት ፊቱ ለሷ፣ ጀርባ ጀርባው ለሱ!» አለ። የአራት መቶ ሰው ፊት ይዛ ትውጣ፤ እሱ ጀርባቸውን ይዞ ይቅር። ሕግ ያወቀ አጎት የሌለው ሰው ምንኛ የታደለ ነው!

ዳኛዋ ሁለት መንገድ አሉ አሉ። አንደኛው ሁሉም በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን መካፈል። በሐራጅ ያንን ወረቀት የሚገዛው ሳሙና መጠቅለያ የሚፈልግ ብቻ ነው። ሁለተኛው አንዱ ሁለት ቦታ ይከፍላል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል።

«እሷ ትክፈል፣ እኔ ልምረጥ» አለ ማናጀሩ ቶሎ ብሎ። መምረጥ የአለቃ ነው፤ መቁረጥ የሠራተኛ።

ሳምንት ተሰጣት። ያንን ሳምንት ወረቀትና ጠመኔ ይዛ በስፌት ቤቱ ውስጥ ተመላለሰች፤ አንዱን ዕቃ ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ በሐሳቧ እያነሳች። ከዕቃው ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ይበላት ጀመር። ይኼ ሰውዬ ስፌት ቤት ማለት ምን ይመስለዋል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ይኼን ጠይቃው አታውቅም። የሁሉን ገበር ስትገለብጥ የሱን ለምን ዘለለች? አጠገቧ ስለነበረ ይሆናል። የራሱን ልብስ የሚገለብጥ ማን አለ?

ዝርዝሯን ለጠበቃዋ ይዛ ሄደች። አንደኛ ክፍል፦ የቤቱ ኪራይ ውል፣ ሰሌዳው፣ ባንኮኒው፣ መስታወቱ፣ አዲሷ መኪናና ካውያው። ሁለተኛ ክፍል፦ አሮጌዋ መኪና፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና ቅዶቹ በሙሉ።

«ሁለተኛውን ቢመርጥስ?» አለች ጠበቃዋ። «የከፈለ ሰው ከሁለቱ የትኛውም ቢደርሰው መኖር እንዲችል አድርጎ ነው መክፈል ያለበት።»

«አውቃለሁ። ሁለተኛውን ቢወስድ ቤት ይኖረኛል፣ መስታወት ይኖረኛል፤ ሰው ሁሉ እንደገና ይለካል። ዓይኔ እስኪፈዝ አራት መቶ ሰው ልለካ ነው ማለት ነው። ግማሹ አይመለስም።»

«እንግዲያው እዚያ ቀን ፊትዎ ላይ ምንም እንዳይነበብ። እለምንዎታለሁ፣ ምንም አይናገሩ።»

ቀኑ ደረሰ። በፍርድ ቤቱ የመዝገብ ሹም ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ገልባጭና ጠበቃዋ በአንድ በኩል፣ ማናጀሩና አጎቱ በሌላው። ሁለቱ ዝርዝሮች መሐል ላይ ተዘረጉ። ማናጀሩ አንደኛውን አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። ተመልሶ አንደኛውን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱ የነበረችውን ሴት አየ፤ ምናልባትም በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመስታወት ሳይሆን በቀጥታ።

«አንቺ የትኛውን ብተውልሽ ነው የምትወጂው?» አላት።

«ይኼ አይጠየቅም» አለች ጠበቃዋ።

«ይጠይቅ» አለች ገልባጭ። «ሁለተኛውን ነው የምፈልገው። ቅዶቹን። ሌላውን ብትወስድልኝ ደስ ይለኛል።»

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። የመዝገቡ ሹም እንኳ መጻፉን አቆመ። ማናጀሩ ጣቱን ሁለተኛው ዝርዝር ላይ አሳረፈ። ጣቱ እዚያ ቆየ፤ ገልባጭ ጣቱን ታያለች። አጎትየው ወደ ጆሮው ተጠጋ፤ ሹክ ማለቱ ነው፣ ግን ክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«አየህ ተንኮሏን? ሴት የምትፈልገውን በአፏ ተናግራ ታውቃለች? 'ወረቀቱን ነው የምፈልገው' ስትልህ በእልህ ወረቀቱን እንድትወስድላት ነው። ከዚያ ቤቱም ሰሌዳውም የሷ! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ስንት ፋይል አይቻለሁ መሰለህ?»

ማናጀሩ ፈገግ አለ። ጣቱን አነሳና ወደ አንደኛው አሻገረው።

«አንደኛውን» አለ። «ትታወቂያለሽ።»

ሹሙ ጻፈ። ገልባጭ ወረቀቱን ተቀብላ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው አነበበችው፤ ወፍጮ ይኖርበት ይሆን ብላ፤ አልነበረበትም። ፈረመች። ማናጀሩም ፈረመ፤ ሳያነብ።

ወደ ታች ሲወርዱ አጎትየው ቀድሞ ደስታውን እያወራ ሄደ። ማናጀሩ ግን ደረጃው መሐል ላይ ቆመ።

«ስሚ እስቲ» አለ። «እዚያ ያልሽው... እውነትሽን ነበር እንዴ?»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?» አለችው። አልተቀየመችም፤ መልሱን ብታውቅ ደስ የሚላት ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

ሰውየው መልስ ፍለጋ በሐሳቡ ወደ ኋላ ሄደ። የሷ አንድ ውሸት ያስፈልገው ነበር፤ አንድ ትንሽ ውሸት። የመጀመሪያውን ዓመት አሰበ፣ ሁለተኛውን አሰበ፣ እጁን የደረጃው ብረት ላይ እንደያዘ አሥራ ዘጠኙን ሁሉ በየተራ ገለጠ። እሷ ግን መልሱን ልትጠብቅ አልቻለችም፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ወረቀት ደግሞ ዝናብ አይወድም፤ ቅዶቿን የምትጭንበት ጋሪ ልትጠራ ወርዳለች።